ዳቦው ላይ የጠፋው ሲጋራ

ሰውየው ሲጋራውን ተርኩሶ ያጠፋው አስተርፎት በነበረው ዳቦ ላይ ነበር። ሳህን ልታነሣ የቆመችው ሠራተኛ አንገሸገሻት። አገሯ መሬት የወደቀ ቁራሽ እንኳ ተስሞ ነው የሚነሣው። እሱ ግን ልብም አላላት። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጡት ሁለቱ የግብርና ባለሙያዎች በወደቡ ከተማ፣ ሆዳን በሚባለው ሰፈር ባለው የአሠሪዋ የማዳም ቤት ምሳቸውን ጨርሰው ክርክር ይዘው ነበር። ባለሲጋራው፣ ገበሬ ያለ ዩሪያ ማዳበሪያ አያመርትም ይላል፤ ወፍራሙ ጓደኛው፣ ዩሪያ አፈሩን ገደለው፣ ፍግ ይበቃል ይላል።

ጠዋት አባቷ ከጎጃም ደውለውላት ነበር። "ልጄ፣ አንቺ ወደቡ አጠገብ ነሽ። ማዳበሪያችን ደርሶ እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ የዘር ጊዜ እያለፈብን ነው" ብለዋታል።

"ጋሼ፣" አለችው ባለሲጋራውን፣ "የዘንድሮው ዩሪያ ወደብ ገብቷል?"

"ከገባማ ወር አለፈው፤ የጭነት መኪና እየጠበቀ ነው። ምነው፣ ልትነግጂበት ነው?"

"አባቴ እየጠበቁት ነው።"

"ፍግ ይጨምሩበታ!" አለ ወፍራሙ።

"እበቱንማ እናቴ ኩበት ጠፍጥፋ ታነደዋለች። እንጨት የለም።"

"ይኸው! እኔስ ምን አልኩህ?" ተባባሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ ጣታቸውን ወደ እሷ ቀስረው። ከዚያ ረሷትና ጭቅጭቃቸውን ቀጠሉ።

ሳህኖቹን አንድ በአንድ ሰበሰበች። ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን፣ ቁራጭ ሲጋራ የተሰካበትን ዳቦ ከነሳህኑ ወደ ሰውየው አስጠጋችለት።

"ይጨርሱት እንጂ፣ ጋሼ" አለችው።