ሰባት እግር ጥላ

ለቀበሌው አዳራሽ የሚቆረጠው ጽድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዘምሞ ነበር። መጋዙ ግንዱን አጋምሷል። ቀያሹ ማዕዘኑን ለክቶ፣ በካልኩሌተሩ አስልቶ፣ «ሃያ ሜትር ነው፤ ቢወድቅም ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አይደርስም» ብሎ ፈርሟል።

መሪጌታው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው ለክተው ቀና አሉ። «ሰባት እግር፤ ልክ ቁመቴ ነው። በዚህ ሰዓት የሁሉም ጥላ ቁመቱን ያክላል። እስቲ የጽዱን ጥላ ጫፍ እየው፣ ልጄ።»

የጽዱ ጥላ ደጁን ተሻግሮ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወጥቷል።

ቀያሹ ካልኩሌተሩን አተኩሮ አየው። የማዕዘን መለኪያ መምረጫ ማዞሪያዋ ቦታዋን ስታ፣ ቀጥታውን ማዕዘን በዘጠና ዲግሪ ፈንታ በመቶ ሲከፍል ኖሯል። ጽዱ ከሃያ ሜትር ይረዝማል።

«መሪጌታው ነው ወይስ ማሽኑ የተሳሳተው?» አለ ቆረጣውን የሚቆጣጠረው ካድሬ፣ እጁን ሽጉጡ ላይ አሳርፎ። «ማሽኑ ከሆነ አሻጥር ነው፣ ጓድ።»

ቀያሹ ሄደና የጥላው ጫፍ ባረፈበት በር ፊት ቆመ።