የእጀ ጠባቡ አንገት

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ነገሩ፤ እዚሁ ጎንደር። ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ይባላሉ፤ ማኅሌት የሚመሩ፣ ድምፃቸው ሸጋ የሆነ ሰው። ሁለቱም የመጀመሪያ ትዳራቸውን ቀብረው የተገናኙ ናቸው።

ስንዱ ሲያገቧት ዕድሜዋን ቀንሳለች። ያን ጊዜ እንግዲህ ዕድሜ የሚቆጠረው በወረቀት አይደለም፤ በደረሰው መከራ ነው። ሽማግሌዎቹ «የኅዳር በሽታ ሲገባ ምን ታክይ ነበር?» ብለው ቢጠይቋት «የወተት ጥርሴን እነቅል ነበር» አለች። ውሸቷን ነው። በሽታው ቤት ለቤት ሲዞር እሷ ተድራ፣ ጎጆ ወጥታ፣ አማቷን ታስታምም ነበር። መሪጌታም «እኔም ያኔ ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ» አሉ። ተመጣጠኑ ተባለ፤ ተጋቡ።

በምላሷ የቀነሰችውን ግን ፊቷ አልቀንስ አለ። በየዓመቱ አንድ መስመር ይጨምራል። ስንዱ መስተዋት ፊት ቁጭ ብላ «ይኽስ ፊት አይደለም፤ ዝናብ የመታው አገልግል ነው» ትላለች።

ስለዚህ የበሬ እግር መቀቀል ጀመረች። ከቅዳሜ ገበያ ገዝታ፣ በነጠላዋ ሸፍና ታመጣና፣ ጅማቱ ከአጥንቱ እስኪለቅ ታፈላዋለች። ሲቀዘቅዝ እንደ ሙጫ ይረጋል። ግማሹን ሞቅ አድርጋ ትጠጣለች፤ ግማሹን ከማር ለውሳ ፊቷ ላይ ትለጥፋለች። ቆዳና እንጨት የሚያጣብቅ ነገር የኔን ጉንጭ ማጣበቅ እንዴት ያቅተዋል ብላ ነው። አንድ ቀን ለጥፋ ሳለች ጎረቤቷ እንኳየሁ መጥታ ወሬ ብታወራላት ሳቀች። የተለጠፈው ሁሉ ስንጥቅጥቅ ብሎ እጭኗ ላይ ረገፈ።

«ቤቴን አፈረስሽብኝ» አለቻት ስንዱ፣ ከቀሚሷ ላይ እየለቀመች።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ለራሷ ሳይሆን ለመሪጌታ መሆኑ አይጠፋትም። እሳቸውን ማጣት ትፈራለች። ማታ ማታ ከዜማቸው እየቀነጨቡ የሚያንጎራጉሩላት፣ እግሯን ሲያማት በቅቤ የሚያሹላት ሰው ናቸው። በዚያ ዕድሜ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል?

ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ይጠፋፋ ጀመር። ድስቱ ውስጥ የረጋው መረቅ ይጎድልባታል፤ ድመቷን ገረፈቻት። መስተዋቱም ከወትሮው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ታገኘዋለች፤ ተንጠራርታ ግንባሯን ብቻ ታያለች። «በቃ፣ እርጅና ቁመቴንም ጀመረው» ብላ አዘነች።

ከዚያ የመሪጌታን እጀ ጠባብ ልታጥብ ስታነሳ፣ አንገቱ ቢጫ። አሸተተችው። ወይባ ነው።

ወይባ ማለት የቆላ እንጨት ነው። ሙሽራና አራስ ገላዋ እንዲለሰልስ፣ ቆዳዋ እንዲታደስ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጢሱ ላይ ትቀመጣለች። ስትነሳ ቢጫ ትሆናለች፤ ያቀፈችውን ሁሉ ቢጫ ታደርጋለች። የሴት ነገር ነው፤ ወንድ በዚያ ደጅ አያልፍም።

«እንግዲህ ይኽ ከቅዳሴ የመጣ አይደለም» አለች እንኳየሁ፣ አንገቱን ገልብጣ እያየች። «አንዷ ተሞሽራብሻለች።»

ጢስ የምታስሞቀው ብርነሽ የምትባል የአይከል ሴት ናት። እንጨቱን በማኪና አስጭና አምጥታ፣ ወደ ፀዳ መውጫ ቤት ይዛለች። ስንዱ ራሷ ሄዳ መሞቅ ያማራት ብዙ ጊዜ ነው፤ ግን አሮጊት ጢስ ላይ ወጣች መባሉን ፈርታ ትተወዋለች።

መሪጌታ ከሰዓት በኋላ አዘዞ ዜማ ላስተምር እያሉ መውጣት አብዝተው ነበር። አንድ ቀን እንደወጡ ስንዱ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለች። አዘዞ አልደረሱም። ከመንገድ ወርደው ወደ ብርነሽ አጥር ታጠፉ። ስንዱ ከባሕር ዛፍ ስር ቁጭ ብላ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች፤ ጉልበቷ ከልቧ ቀርፋፋ ነበር።

ስትገባ የመሪጌታ መቋሚያ በሩ ላይ ተደግፏል። ጥምጥማቸውም ከጎኑ ተሰቅሏል። ብርነሽ ደጁ ላይ ቆማ መንገድ ዘጋች።

«እሜቴ ስንዱ፣ ምነው፣ ነገ ይምጡ። ዛሬ አይመችም።»

«መቋሚያውን አውቀዋለሁ፤ ዞር በይ» አለቻትና ገባች።

ቤቱ በጢስ ጨልሟል። መሐል ላይ፣ ጉድጓዱ አፍ፣ ፊቷም ጢሱን ይጠጣ ተብሎ እስከ አናቷ በጋቢ የተሸፈነች አንዲት ተቀምጣለች። መሪጌታ የሉም። ከመጋረጃው ጀርባ ይሆናሉ ብላ አሰበች ስንዱ።

የመጣችው ለስድብ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ስድብ ስትመርጥ ነው የመጣችው። ጢሱ ዓይኗን ሲያቃጥለው፣ ያ ጋቢ ደግሞ ፍርሃት እንደያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ስታይ፣ ስድቡ ጠፋባት። አጠገቡ ተንበረከከች።

«ስሚኝ ልጄ» አለች። «ልጣላሽ አልችልም፤ ጉልበትም የለኝ። ይኽን ፊት ብዙ ታገልኩት። የስንቱን በሬ እግር ጨረስኩለት፤ እንደ ደብዳቤ ፖስታ በሙጫ አሸግኩት። እንቢ አለኝ። አንቺ ቆዳው አለሽ፤ ሌላ ታገኛለሽ። ባሌን መልሽልኝ።»

ጋቢው ውስጥ ሳል ተሰማ። ስንዱ ጠርዙን ይዛ ገለጠችው።

«ምን ላድርግ፣ ስንዱ» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፤ «አንቺ የወተት ጥርስሽን ስትነቅይ፣ እኔ የኅዳር በሽታ የገደለውን እቀብር ነበር።»