ከአጥር ማዶ ያለው ሳል

ክሊኒኩ የአንዱን በሽታ ወደ ሌላው ማዛወር ከጀመረ ወዲህ፣ በከተማችን ሥራ ያጣ ሰው እየተከፈለው የባለጸጋ ሕመም ተሸክሞ ይኖራል። እኔም የሰው ሪህ ተሸክሜያለሁ። ልጄን ሰብለን ግን እንዳትሞክረው ባጠባሁሽ ጡት ብዬ ለምኛት ነበር።

ትናንት አንድ ጀሪካን ዘይት ይዛ ገባች። ገና ሳታስቀምጠው ሳል አጣደፋት። ክው አልኩ። ሳሉን አውቀዋለሁ፤ ባለወፍጮው ጋሽ ገበየሁ ከአጥር ማዶ ስንት ዓመት ሲስሉት የኖሩት ነው።

“ምን አደረግሽ ልጄ!”

“እማዬ፣ ቤት ውስጥ ጠብታ ዘይት አልነበረም እኮ።”

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ገበየሁ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡ። ሕመማቸውን ማን እንደወሰደላቸው ክሊኒኩ አይነግራቸውም። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ስትስል ሰሟትና ደነገጡ።

“እግዜር ይማርሽ ልጄ!” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “ኧረ ትርንጎ፣ እንዲህ ያለ ክፉ ሳል ከየት አመጣችው?”