ሦስተኛው ደብዳቤና ድመቷ

ሚስተር ክራውስ ድመቷን ከባልዲው አውጥተው ትሪው ላይ ሲያጋድሟት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የሞተች ናት፣ ተማሪዎች ቀደው እንዲማሩባት በመድኃኒት የተነከረች። ሽታው ግን ፊት ስላዞሩበት አይተውም።

“አሁንም ነው ጆዲ?” አሉ ሳቃቸውን ሳይደብቁ። “ወንበር ላምጣልሽ?”

“ደህና ነኝ። ቆሜ አወራዎታለሁ።”

“ያኔም እንደዚሁ ብለሽኝ ነበር።”

እዚህ ኮሌጅ እሳቸው ዘንድ ባዮሎጂ ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። በመኪና አርባ ደቂቃ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ የመጣሁት ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻዬ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚያስፈልገኝና ያለኝ ሁለት ብቻ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው እስከ ዓርብ ካልገባ ዘንድሮ ቀረሁ ማለት ነው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ጓደኞቼ “ከትንሽ ኮሌጅ ደብዳቤ እንዳታመጪ፣ ይንቁሻል” ሲሉኝ አመንኩ፤ የኬሚስትሪዋን ፕሮፌሰር በር ስጠብቅ ከረምኩ። ሴትየዋ ሦስት መቶ ተማሪ ያስተምራሉ። ትናንት ተራዬ ሲደርስ ቁርጡን ነገሩኝ። “ውጤትሽ ጥሩ ነው፤ አንቺን ግን አላውቅሽም። ውጤትሽን እንደሆነ እነሱም ያዩታል። ነገር ሲከብድሽ ያየሽ ሰው የለም?”

“በይ ስጪኝ” አሉ ሚስተር ክራውስ ጓንታቸውን እያወለቁ።

ደብዳቤ የሚጠይቅ ተማሪ ስለ ራሱ አንድ ገጽ ጽፎ ለአስተማሪው ይሰጣል፣ ወጉ ነው። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡ። ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

“ጎበዝ ልጅ ናት ይቺ” አሉ። “ሆስፒታል በነጻ አገልግላለች፣ ምርምር ረድታለች። እኔ ከየት ነው የማውቃት?”

ያኔ ገባኝ። ለፕሮፌሰሯ ያዘጋጀሁትን ገጽ ነው ይዤላቸው የመጣሁት። እዚያ ላይ ሕይወቴ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው ነው፤ ይህ ክፍል፣ እሳቸውም ሆኑ ድመቶቻቸው አንድ መስመር እንኳ የላቸውም። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

“ሚስተር ክራውስ፣ እኔ...”

“ተይ ተይ። ጀርባው ባዶ መሆኑ በጀን።” እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። “ድመቷ ስትቀደድ አይተሽ ራስሽን ስተሽ የወደቅሽው ማክሰኞ ነበር?”

“ሐሙስ። እሱን ሊጽፉት ነው እንዴ?”

“ደብዳቤውን ላታይ ማመልከቻው ላይ ፈርመሻል አይደል? ታዲያ ምን አገባሽ። መቼ ተመለስሽ?”

“የዚያኑ ዕለት። የገዙልኝን የፖም ጭማቂ ኮሪደሩ ላይ ጠጥቼ፣ በሃያ ደቂቃ።”

“ተቀምጠሽ ነው የጨረስሽው?”

“ቆሜ።”

“ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ ሽታውን ልልመደው ብሎ ትሪ ያጥብ የነበረውስ ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

ሁሉንም ጻፉት፣ ሐሙስን ከነጭማቂው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና “ነገ ይደርሳቸዋል” አሉ። “ክፍል ሊጀመር ነው፤ ነይ እስቲ እግሯን ያዢልኝ።”

ጓንት አጥልቄ ያዝኩ። የድመቷ እግር ቀዝቃዛና ግትር ነው። እሳቸው መሳቢያ ውስጥ መቀስ ይፈልጋሉ።

“ባለፈው ሳምንትም አንዷ ወድቃብኛለች” አሉ ወደ መሳቢያው እንዳጎነበሱ። “ጭማቂ ገዛሁላትና ያንቺን ታሪክ ነገርኳት። ለሚወድቁት ሁሉ እሱኑ ነው የምነግራቸው።”

ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁባቸው ሰው።

“ተመለሰች?” አልኩ።

“ያችውልሽ።”

አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ድመቷን አየች፤ ወዲያው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የያዝኩትን ሳልለቅ፣ አጠገቤ ያለውን ወንበር በጫማዬ ጫፍ ወደ እሷ ገፋሁላት።