የጠዋቱ ኪኒን

የደም ግፊት ኪኒኑን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር ሲውጥ ኖሯል። በዚሁ ምክንያት የንስሐ አባቱ መምሬ ዘውገ ጾም እንዲገድፍ ፈቅደውለታል፤ ፈቃዱም በደረቅ ዳቦ ተጀምሮ ዓመት ሳይሞላው ክትፎ ላይ ደርሷል። ዘንድሮ ግን የመድኃኒት ክትትል ቀጠሮው የዐቢይ ጾም ዋዜማ ላይ ዋለ። ሐኪሟ የኪኒኑን ሰዓት ከቀየረችበት ሃምሳ አምስት ቀን ሊጾም ነው።

ሐኪሟ ግፊቱን ለክታ ካርዱን አገላበጠች።

«በጣም ጥሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ይውሰዱት።»

«ጠዋቱን ለምጄዋለሁ፣ ዶክተር።»

«ማታ ይሻላል። ምግብም አያስፈልገውም።»

«ያለ ቁርስ ራሴን ያዞረኛል።»

«ከዚህ በፊት አዙሮዎት ያውቃል?»

«ያለ ቁርስ ውዬ አላውቅም።»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ «ማታ» ብላ ጻፈች።

አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ፣ በወረፋ ጠባቂዎቹ መካከል መምሬ ዘውገን አያቸው። ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው የደም ግፊት ክትትል ካርዳቸውን ይዘዋል። መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ሲል ወደ ጆሮው ተጠጉ።

«ልጄ፣ ይህቺ ሐኪም ኪኒኑን ወደ ማታ ታዛውራለች የሚሉት እውነት ነው?»