ካሜራው ላይ እንዳየሁት

ሰውየው የታወቀ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። በእህቱ ሰርግ ቀን ሚስቱን ትርሲትን አነሳትና እዚያው ካሜራው ላይ አሳያት። «ውይ! እኔ ነኝ?» ብላ ሳቀች።

ቤት ገብቶ ጥሬውን ፋይል ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው ግን ካሜራው በራሱ ያሳመረው ነገር ሁሉ የለም። ዓይኗ ቢጫ ቢጫ ይላል።

«ምን አድርገኸኝ ነው? ካሜራው ላይ እንዳየሁት አድርግልኝ እንጂ!» አለችው።

ነጠላዋ ንጹህ ነጭ ሆኖ ዓይኗ ብቻ መበላሸቱ ገረመው። ግን ጥሬ ፋይል መቼም አመል አያጣም ብሎ ቢጫውን ጠርጎ ጠርጎ ልክ ካሜራው እንዳወጣው አደረገው። እሷም ደስ ብሏት ስልኳ ላይ ጫነችው።

ከሁለት ወር በኋላ ሆዷ ተነፍቶ ሆስፒታል ሄዱ። ዶክተሩ ዓይኗን ገለጥ አድርጎ አየና «ይሄ ቢጫ ከጀመረሽ ቆየ? የጉበትሽ ሕመም ከቆየ ሕክምናው ሌላ ነው» አላት።

«ኧረ ሰሞኑን ነው ዶክተር! ይኸው፣ በሰርጉ ቀን እንኳን ዓይኔ ወተት ነበር» ብላ ስልኳን ሰጠችው። «ባሌ ነው ያነሳኝ።»

ዶክተሩ ፎቶውን አይቶ ወደ ባልየው ዞረ።

«እንግዲያው አዲስ ነው። ጎበዝ፣ ቶሎ ነው ያመጣሃት» አለው።