ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

«ይጥፋ ብያለሁ፣ ጋሼ ገብረየስ! አሁኑኑ፣ ዓይኔ እያየ!»

«ቀስ በይ ሙላቷ። ልጆቹ ይሰማሉ።»

«ልጆቹማ ከሰሙ ቆዩ! ዛሬ ዳቦ ሰልፍ ላይ አንዲት ፍንጭት ገመድ እየዘለለች ባሌን ስትዘምረው ሰማሁ። ‹አባቴ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይተኛል።› እንደ ሀሁ ነው እኮ ያስጠኗቸው!»

ገብረየስ ታብሌቱን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ቆመ። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የስደት ሠፈራቸው ውስጥ በምትገኘው በዚህች የቆርቆሮ ክፍል፣ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ፣ የሐበሻ ልጆችን ምንጣፍ ላይ ሰብስቦ ያስተምራል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ትቶለት የሄዳቸው ሦስት ታብሌቶች አሉት። ልጆቹ በጣታቸው ይስላሉ፣ ቀዩን ነጥብ ተጭነው ይናገራሉ፤ መተግበሪያው ሥዕሉንና ድምፁን አጋጥሞ ራሱን በራሱ የሚያነብ መጽሐፍ ያደርገዋል። የገብረየስ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ በዓይናችሁ ያያችሁትን ተናገሩ፣ ዐረብኛ አትቀላቅሉ።

የሙላቷ ልጅ ማዘንጊያ በአማርኛዋ እያፈረች በክፍሉ ውስጥ አፏን ከፍታ አታውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሠራች። ሰማያዊ በር። ትልቅ ቁም ሳጥን። ከሳጥኑ ጀርባ የተጋደመ ሰው፣ አንድ እግሩ ቀይ። የመጨረሻው ገጽ ሥዕል አልነበረውም፤ ድምፅ ብቻ። ገብረየስ ከደስታው ብዛት እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አቃንቶላት ደጋግማ እንድትቀዳው አደረገ። አባትሽ አሟቸዋል ወይ ብሎ ሲጠይቃት አዎ አለችው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ኔት ስለተቆረጠ መጽሐፉን በብሉቱዝ ወደ ሦስቱም ታብሌት አሳለፈው፤ ክፍሉ በሙሉም እየተከተለ አነበበው።

ሙላቷ ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካሣዬ ቂያዳ፣ ጦር ሠፈሩ ደጅ፣ ለተቃውሞ ለተሰለፉት ውሃ ሲሸጥ ነው እግሩን የተመታው። ወታደሩ ሰልፉን የበተነ ቀን። ኢቃማ የለው፣ ወረቀት የለው፣ ሐኪም ቤት አልወስደው። ቁስለኛ ከአልጋ ላይ ሲለቅሙ አልሰሙም?»

«እኔ ይህን በምን ልወቅ?»

«አለማወቅዎ ነው የጨረሰን።»

ገብረየስ ታብሌቱን ዘረጋላት። «እስቲ እዪው። ስም የለበትም። ሰማያዊ በር ደግሞ በዚህ ሠፈር ሞልቷል።»

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ግን አንድ ነው ያለው! በገዛ እጄ ነው የቀባሁት!»

ጩኸቷ ቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ሙላቷ አፏን በሻርፗ ያዘች።

በሩ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ፣ ልጁን ቤቲን ሊወስድ የመጣው ፍሰሐ ተቀምጧል። ፍሰሐ ለሐበሻው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያስጨርሳል፤ የቂስሙ፣ የፖሊስ ጣቢያው ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት በስሙ ጠርተው ሻይ ይጋብዙታል። ሰው ሲታፈስ ቤት የሚጠቁመው እሱ ነው ይባላል። በፊቱ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም፤ የሁሉም ወረቀት በእሱ እጅ ነው።

«አይዞሽ ሙላትዬ» አለ ፍሰሐ በለሰለሰ ድምፅ። «እዚህ ማን ባዳ አለ? እግዜር ይማርልሽ።»

«አሜን» አለች። ሌላ ምን ትላለች?

ገብረየስ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ታብሌት ማጥፋት ጀመረ። መተግበሪያው በየገጹ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ እያለ ይጠይቃል። በሩ ጠፋ። ሳጥኑ ጠፋ።

ማዘንጊያ ከልጆቹ መሐል ተነሥታ መጣችና ክንዱን ነካችው።

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ገብረየስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ራሱ ነው ያረመው።

«የትም» አላት።

«ታዲያ ለምን ይጠፋል?»

እናቷ እጇን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት። እንደ መጀመሪያው አልጮኸችም። «ካላክላ ሠፈር እህቴ አለች» አለች ለገብረየስ። «ግን በዚያ እግሩ ረክሻ ላይ እንዴት ይወጣል?»

«ሲመሽ እመጣለሁ። ደግፌ አወጣዋለሁ።»

«እስኪመሽ ይቆይ?»

«በቀን ማን ሳያየው ይወጣል? ጥቂት ሰዓት ነው። ምንም አይሆንም ኢንሻአላህ።»

ሙላቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሁለተኛውን ታብሌት አንሥታ አቀበለችው። እናት፣ ልጅና አስተማሪ አንድ ላይ አቀረቀሩ። ቀይ እግር ያለው ሰው ብቅ አለ፤ የገብረየስ ጣት ጥቂት ቆየችና ተጫነችው።

ፍሰሐ ከበርጩማው ተነሣ። ደጃፉ ላይ ጫማውን አጠለቀ፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ተመልክቶ ወጣ። ቤቲን አልጠራትም። ውጭ አንድ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ሞተሩን አስነሥቶ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሄደ።

«አሁን የቀረው የቤቲ ብቻ ነው» አለ ገብረየስ።

ቤቲ ጥግ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ሦስተኛውን ታብሌት ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። «ቆይ ጋሼ፣ አንዴ ልጨርሰው» አለች ቀና ሳትል። የመጨረሻውን ገጽ በጣቷ ነካችው። ባዶው ገጽ በራ፤ የማዘንጊያም ድምፅ፣ ቀስ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ በክፍሉ ውስጥ ተሰማ።

«እኔ ለማንም አልናገርም።»